የጥርስ ሐኪም ለመሆን የት መማር ይሻላል? ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ወጪና ስፔሻሊቲ ሲመዘኑ

ሄሮን በጅቡቲ ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ባሕሩን ተንተርሶ የሚገኝ ኤምባሲዎችና ግቢ ያላቸው መኖሪያ ቤቶች የሚበዙበት ሰፈር ነው። በዚህ ሰፈር የምትኖር አንዲት ተማሪ እናስብ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛና ዓፋርኛ ትሰማለች። አባቷ ደመወዙን የሚቀበለው በጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ አያቷ ድሬዳዋ ናቸው። ባካሎሪያውን ስታልፍ "የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ" ብትል ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ በርካታ ካርታዎችን መዘርጋት ይኖርበታል፦ የቋንቋ፣ የገንዘብ፣ የፈተናና የሥራ ፈቃድ።

የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እአአ በ2006 ሲሆን የሕክምና ትምህርት ቤቱ በተከታዩ ዓመት ሥራ ጀምሯል። በጥርስ ሕክምና ለመመረቅ ግን የቆየው መንገድ ከአገር የሚያስወጣ ነው፤ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሞሮኮና ቱኒዚያ፣ ወደ ዳካር፣ አለዚያም ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ወደምትደረሰው አዲስ አበባ።

ምርጫው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው፣ 3.5 ቢሊዮን ገደማ ሰው፣ የአፍ በሽታ እንዳለበት አስታውቋል። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ለ100 ሺሕ ሰው የሚደርሱት የጥርስ ሐኪሞች ቁጥር 3.3 ገደማ ነው፤ ይህም የዓለም አማካይ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። (ጅቡቲ በድርጅቱ አከፋፈል ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጣና ብትመደብም ጎረቤቶቿ ኢትዮጵያና ኤርትራ በአፍሪካው ቀጣና ውስጥ ናቸው።)

ከክፍያው በፊት የሚነሳ ጥያቄ

ብዙ ቤተሰቦች አስቀድመው የሚጠይቁት የዓመቱን ክፍያ ነው። ስፔሻሊቲ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ይመስላቸዋል። በዚህ ዘጋቢ እምነት ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም የጥርስ ሕክምና ዘርፎች በሚሰጡበት ቦታም፣ በሚጠይቁት ገንዘብም እርስ በርስ አይመሳሰሉም።

የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና የሆስፒታል ሙያ ነው። በመኪና አደጋ የተሰበረ መንጋጋ፣ የአፍ ዕጢ፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ወደዚህ ሐኪም ይመጣሉ። በምግብ እጥረት የተዳከሙ ሕፃናትን ፊት የሚበላው ኖማም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እአአ በታኅሣሥ 2023 ነበር። ሰልጣኙ ተረኛ ሆኖ የሚያድር ሬዚደንት ስለሆነ በብዙ አገሮች ለሥልጠናው ከመክፈል ይልቅ ደመወዝ ወይም አበል ያገኛል። በሌላ በኩል እንደ ብሪታንያና ጀርመን ባሉ አገሮች ይህ ዘርፍ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ዲግሪዎችን በአንድነት ይጠይቃል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ለመሆን የሚያልም ተማሪ ከፊቱ ያለው የአንድ ዲግሪ መንገድ ላይሆን ይችላል።

ጥርስ ማስተካከል፣ ማለትም ኦርቶዶንቲክስ፣ በተቃራኒው የክሊኒክ ወንበር ሙያ ነው። ገበያው ሞቅ ያለ፣ የሥልጠና ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ በብዙ አገሮችም ሰልጣኙ ራሱ ይከፍልበታል። ብሬስ የማሰር ማስታወቂያ በከተሞቻችን እየበዛ መምጣቱ ወጣቶችን ወደዚህ ዘርፍ ቢስብ አያስገርምም። ሆኖም የጥቂት ቀናት የምስክር ወረቀት ሥልጠና ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚፈጀውን ስፔሻሊቲ እንደማይተካ ተማሪውም ታካሚውም ማወቅ አለባቸው።

ቀጣናው የራሱ የሆኑ የአፍ ችግሮች አሉት፤ የት መማር እንደሚገባም በከፊል ይጠቁማሉ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ፣ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢም፣ የከርሰ ምድር ውኃው የያዘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ጣሪያ በብዙ ቦታ ያልፋል። ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖና ተቦርቡሮ ያድጋሉ። ይህን የሚጠግነው ጥርስን በመሙላት፣ በመሸፈንና በመተካት የሠለጠነ ሐኪም ነው። ጅቡቲ በየቀኑ ከኢትዮጵያ ጫት ታስገባለች፤ ጥናቶች ጫትን ከድድ ችግርና ከአፍ መድረቅ ጋር ያያይዙታል፣ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳም የራሱን ጉዳት ይጨምራል። የድድ ሐኪም ለዚህ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች ደግሞ ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ገና ያልበቀለ ክራንቻውን ድዱን ቀዶ የማውጣት ጎጂ ልማድ አለ። በዚህ የተጎዱ ሕፃናት ሲያድጉ ወደ ሕፃናት ጥርስ ሐኪም ይሄዳሉ።

ተማሪዋ ወደ አገሯ ተመልሳ መሥራት የምትሻ ከሆነ እነዚህን ሕሙማን በተማሪነቷ ያየች መሆኗ ከዩኒቨርሲቲው ዝና የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በአውሮፓ ፍሎሮሲስን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ መመረቅ ይቻላል።

ኢትዮጵያ፦ ቅርብ፣ ግን ቀላል ያልሆነ በር

በኢትዮጵያ ከመንግሥት ተቋማት የአዲስ አበባ፣ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በጥርስ ሕክምና በዶክተርነት ደረጃ ያስተምራሉ፤ የግል ኮሌጆችም አሉ። ሥልጠናው ከኢንተርንሺፕ ልምምዱ ጋር ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

የወጪው ነገር እንደ ዱሮው አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራት ሥርዓትን ሲያስተዋውቅ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እየከፈለ እንዲመልስ ደንግጎ ነበር። "የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው" የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ ከእውነታው ጋር ሙሉ በሙሉ የሚገጥም አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ፣ ቁጥር 1294፣ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ከፍቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ አዋጅ ቀዳሚው ራስ ገዝ ተቋም ሆኗል፤ ተማሪ የመቀበልና ክፍያን የመወሰን ሰፊ ሥልጣንም አለው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ተማሪ የነገረውን ይዞ ከመወሰን የዘንድሮውን ደንብ ከሬጅስትራር መጠየቅ ይበጃል።

መግቢያውም ጠብቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት የ2014 ዓ.ም. ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ወደ 3.2 በመቶ ዝቅ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ከዚያም ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ሙያውን ለመጀመር ደግሞ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ አንድ ነገር ልብ ይበል። በኢትዮጵያ ዕውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። ኮሌጁ በነርስነት ወይም በፋርማሲ ዕውቅና ስላለው የጥርስ ሕክምናውም ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። ማረጋገጫው የሚገኘው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እንጂ ከኮሌጁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወረቀት አይደለም። በውጭ አገር ትምህርት ቤት ያጠናቀቀች የሄሮኗ ተማሪም የባካሎሪያዋን አቻ ግምት ቀድማ ማስጨረስ አለባት፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑንም መዘንጋት የለባትም።

ለስፔሻሊቲ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ይሰጣል። ይህን ዘርፍ ለመረጠ ሰው ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከ ስፔሻሊቲ በአገር ውስጥ መቆየት ትርጉም ያለው ምርጫ ነው፤ የሕሙማኑ ብዛትና የጉዳታቸው ዓይነት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። በሌሎቹ ዘርፎች መሠልጠን የሚፈልጉ ግን ዓይናቸውን አሁንም በአብዛኛው ወደ ውጭ ያደርጋሉ።

ሁለት ኪሶች፣ ሁለት ስሌቶች

የጅቡቲ ፍራንክ እአአ ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ለአንድ ዶላር ተተምኗል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ብር ግን ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንይ። በዓመት 3,000 ዶላር የሚያስከፍል የውጭ ትምህርት ቤት አለ እንበል። ጅቡቲ ላለው አባት ዋጋው ዱሮም አሁንም 533,163 ፍራንክ ነው። አዲስ አበባ ላለ አባት ግን ዶላሩ 57 ብር ሳለ 171,000 ብር የነበረው ክፍያ፣ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 360,000 ብር ይሆናል። ልጁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢመጣ ትምህርቱ መሐል መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፦ በፍራንክ ለሚኖር ቤተሰብ በብር የሚከፈል ትምህርት ረክሷል። የውጭ ዜጎችን በዶላር የሚያስከፍሉ ተቋማት ስላሉ ግን በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

የጥርስ ሕክምና ደግሞ ከሌሎች ትምህርቶች የሚለይበት ስውር ወጪ አለው። በብዙ አገሮች ተማሪው ጥርስ መቦርቦሪያውን፣ የመለማመጃ ሰው ሠራሽ መንጋጋውን፣ የመሙያ ቁሳቁሱን በራሱ ይገዛል። ለመመረቅ የተወሰነ ቁጥር ያለው ሥራ ሠርቶ ማሳየትም ግድ ነው፤ ይህን ያህል የነቀለ፣ ይህን ያህል ሥር ያከመ፣ ይህን ያህል ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የገጠመ ይባላል። ታካሚ በሌለበት ክሊኒክ ቁጥሩን ለመሙላት ተማሪው የታካሚን ታክሲ እስከ መክፈል ይደርሳል፤ ካልሞላለትም አንድ መንፈቅ ይጨመርበታል። በክፍያ ሠንጠረዥ ላይ የማይታየው ትልቁ ወጪ ይህ የተጨመረ ጊዜ ነው።

በእንግሊዝኛና በቱርክኛ

በሕንድ የጥርስ ሕክምና የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመትና አንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ ነው፤ የማስተርስ ስፔሻሊቲው ተጨማሪ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ዘርፎቹ ብዙ፣ ኮሌጆቹም እጅግ ብዙ ናቸው፤ የጥራት ልዩነታቸውም የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው። የሕንድ ባህላዊ ግንኙነት ምክር ቤት ለአፍሪካውያን የሚሰጠው የታወቀ ስኮላርሺፕ የሕክምና ትምህርቶችን እንደማይጨምር ያልተረዱ አመልካቾች በከንቱ ይደክማሉ። ለመጀመሪያው ዲግሪ የአገሪቱ የጋራ መግቢያ ፈተና፣ ኒት፣ ለውጭ ዜጎችም ያስፈልጋል።

ቱርክ በተቃራኒው በጥርስ ሕክምናም ሙሉ ስኮላርሺፕ ትሰጣለች። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያን፣ መኝታን፣ ወርሃዊ አበልን፣ የጤና መድንንና የደርሶ መልስ ትኬትን ይሸፍናል። ነገር ግን ለሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የሚጠይቀው ዝቅተኛ ውጤት 70 በመቶ ሲሆን ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምናና ለፋርማሲ 90 በመቶ ነው። ዕድሜም ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት። ትምህርቱ አምስት ዓመት ሲሆን የቱርክኛ ቋንቋ አንድ ዓመት ይቀድመዋል። ስፔሻላይዝ ለማድረግ አገሪቱ ለጥርስ ሐኪሞች የምታካሂደው የተለየ ፈተና አለ፤ ኦርቶዶንቲክስና ቀዶ ሕክምና አራት፣ ሌሎቹ ሦስት ዓመት ይፈጃሉ።

ናይሮቢ ቅርብ ናት። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት እአአ ከ1970ዎቹ አንስቶ ሐኪሞችን ያስመርቃል፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት ጥርስ፣ በድድና በሰው ሠራሽ ጥርስም በማስተርስ ደረጃ ያሠለጥናል። በግብፅ አምስት ዓመት ከተማሩ በኋላ አንድ ዓመት ልምምድ አለ።

ካርቱምን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግን አይቻልም። የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ከቀንዱ አገሮች ሁሉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን በተመጣጣኝ ክፍያ ያስተናግዱ ነበር። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ተማሪው ተበተነ፣ ክሊኒኮቹ ፈረሱ። የመቀለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በትግራይ ጦርነት ወቅት ትምህርታቸው መቋረጡ አይዘነጋም። የሠራተኛ ፈቃድ የሚሰጡ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዲግሪን ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ያጣራሉ፤ ሬጅስትራሩ መልስ ካልሰጠ እውነተኛ ዲግሪም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በርካሽ ክፍያና በተረጋጋ ከተማ መካከል ሲመረጥ ይህም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

የፈረንሳይኛው መንገድ

በፈረንሳይኛ ለተማረ የጅቡቲ ተማሪ ፈረንሳይ የመጀመሪያዋ ሐሳብ መሆኗ የተለመደ ነው። የጥርስ ሕክምናው ስድስት ዓመት ነው፣ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ደግሞ ውድድር አለ፤ ጥርስ ማስተካከል ሦስት፣ የአፍ ቀዶ ሕክምና አራት፣ አጠቃላይ የአፍ ሕክምና ሦስት ዓመት። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክፍያ ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢሆንም፣ እአአ ከ2019 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች 2,770 ዩሮ ተደርጎ ከዚያም ጨምሯል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ነጻ ያደርጋሉ።

ፈተናው ገንዘቡ አይደለም። እአአ በ2020 በተሻሻለው ሥርዓት ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ከሕክምና፣ ከፋርማሲና ከአዋላጅነት አመልካቾች ጋር ተወዳድሮ ካላለፈ የጥርስ ሕክምና በር አይከፈትለትም፤ ያንን የመጀመሪያ ዓመት መድገምም አይፈቀድም። የኑሮ ወጪ ተከፍሎበት በባዶ እጅ መመለስ ይመጣል ማለት ነው። ቤተሰቡ ይህንን ዕድል እንደ ዕጣ ሳይሆን እንደ ስጋት ቢያሰላው ይሻላል።

ካዛብላንካና ራባት (ሁለቱም የተቋቋሙት እአአ በ1981 ነው)፣ የቱኒዚያዋ ሞናስቲር፣ የዳካሩ የሼክ አንታ ዲዮፕ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ ያስተምራሉ። የኑሮ ወጪያቸው ከፓሪስ ያነሰ ነው፤ ሞሮኮ በትብብር ኤጀንሲዋ በኩል ለአፍሪካውያን ቦታና አበል ትመድባለች። ከእነዚህ ተመርቆ በኋላ ፈረንሳይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ዲግሪው በራሱ አያስገባውም፤ ለውጭ ተመራቂዎች የተዘጋጀውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት።

አሜሪካን የሚያስቡ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ላሉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ስሌቱ ከሥሩ የተለየ ነው። ዕዳ ይዘው የሚመረቁ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች አማካይ ብድር 300 ሺሕ ዶላር ተጠግቷል። አገሪቱ 12 ስፔሻሊቲዎችን ታውቃለች። ከእነዚህ ውስጥ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ደመወዝ የሚከፈልበት ሲሆን፣ በኦርቶዶንቲክስና በጥርስ ሥር ሕክምና ሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ይፈጽማል። አገር አቀፉ ፈተና በውጤት ሳይሆን "አለፈ፣ ወደቀ" በሚል ብቻ መገለጽ ከጀመረ ወዲህ በክፍል ውስጥ ያለ ደረጃ ክብደቱ ጨምሯል። ስለዚህ በነዋሪነት የሚከፍሉት የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአንደኞቹ መሆን፣ እጅግ ውድ በሆነ ዝነኛ ትምህርት ቤት መሐል ላይ ከመገኘት የተሻለ የስፔሻሊቲ መንገድ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ፣ ሕንድ ወይም ካይሮ ተምሮ ወደ አሜሪካ ለመሻገር ያሰበ ሰው ደግሞ፣ ፈተናውን ካለፈ በኋላ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ለውጭ ተመራቂዎች በተዘጋጀ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ፕሮግራም እንደገና መማር ይጠበቅበታል። ከየትም ይምጣ ከየት ይህ ግዴታ አይቀርለትም። በመሆኑም "ወደ ውጭ ያሻግረኛል" ብሎ ለመጀመሪያው ዲግሪ ብዙ ዶላር ማፍሰስ የማያዋጣ ነው፤ ያ ገንዘብ ለሁለተኛው ዙር ቢቀመጥ ይሻላል።

ከመመዝገብ በፊት

የሄሮኗ ተማሪ ከየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ይልቅ አራተኛና አምስተኛ ዓመት የደረሱ ተማሪዎችን ብትጠይቅ ትጠቀማለች። አንድ የሕክምና ወንበር ለስንት ተማሪ ይደርሳል? የመጀመሪያውን ጥርስ የነቀላችሁት በስንተኛው ዓመት ነው? ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ በወቅቱ ጨረሰ? ስፔሻላይዝ ያደረጉት የት ሄደው ነው? አንድ ተማሪ መልሱን ማሳመር ይችላል፤ አምስት ተማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ ግን ሊታመን ይችላል።

ቀነ ገደቦቹ እንደማይጠብቁም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቱርክ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ዘወትር ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 (እአአ ከጥር 10 እስከ የካቲት 20) ክፍት ይሆናል፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም ውጤታቸው ሳይወጣ ማመልከት ይችላሉ። የሕንዱ ኒት በየዓመቱ በግንቦት (እአአ) መጀመሪያ የሚሰጥ በመሆኑ ምዝገባው ከዚያ ወራት ቀድሞ ይዘጋል። ወደ ፈረንሳይ የሚደረገው ሂደት ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመጸው ወራት ይጀምራል። የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ የሚሆነው አብዛኞቹ እነዚህ በሮች ከተዘጉ በኋላ በአዲሱ ዓመት ዋዜማና መባቻ ነው፤ ውጤቱን ጠብቆ ፍለጋውን የጀመረ ተማሪ አንድ ዓመት ያልፈዋል።